የባሌ ቀይ ቀበሮ መተላለፊያ ይታጠር ወይስ ይከፈት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሌ ሮቤ አካባቢ ነው። ቀይ ቀበሮ በእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ጊዜ እንዳለቀ እንሰማለን። በሌላ በኩል ደግሞ ቀበሮዎቹ ከቦታ ቦታ የሚያልፉበት መተላለፊያ ይጠበቅ ይባላል። ይሄ ነገር አይጋጭም? እንስሳ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በሽታውን ይዞ አይሄድም? አጥሮ እያንዳንዱን ባለበት ማቆየት አይሻልም?»

ምላሽ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። የኔ መልስ፣ አይታጠር ነው። መተላለፊያው ክፍት ይሁን፣ ክትባቱ ግን እዚያው መተላለፊያው ላይ ይሰጥ። ምክንያቱን ለማስረዳት ትንሽ ረዘም ማለት አለብኝ፣ ታግሠው ያንብቡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መንቀሳቀስና መገናኘትን እንለያቸው። አንድ እንስሳ መቶ ኪሎ ሜትር ቢጓዝና መንገድ ላይ ማንንም ባያገኝ፣ እንዲህ ያለው በሽታ እሱው ጋ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ከሰፈሩ ሳይወጣ ጎረቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። ስለዚህ እኛ የዱር እንስሳት ሐኪሞች ወረርሽኝ ሲነሳ የተጓዘውን ርቀት ብቻ አንለካም። ማንን አገኘ? የት አገኘው? ባገኘው ሰዓት በሽታውን ማስተላለፍ ጀምሮ ነበር ወይ? መልሱ ያለው እነዚህ ላይ ነው።

የቀይ ቀበሮን ውሎ ይመልከቱ። ሌሊት ቡድኑ ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ አብሮ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ። ይተሻሻሉ፣ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ ያለቃቅሳሉ፣ ቡችሎቹ ትልልቆቹ ላይ ይንጠላጠላሉ። ከዚያ አንድ ላይ ሆነው የግዛታቸውን ድንበር ይዞራሉ። ቁጥቋጦውና ድንጋዩ ላይ ሽንታቸውን እየረጩ ምልክታቸውን ያድሳሉ። ድንበር ላይ ጎረቤት ካጋጠማቸው ይጯጯሃሉ፣ የበዙት ያነሱትን ያባርራሉ። መነካከስ ድረስ የሚሄደው ጥቂቱ ነው። ከዚያ በኋላ ይበተናሉ። ፍልፈልና አይጥ ለአንድ አፍ እንጂ ለቡድን አይበቃምና አደኑ የየብቻ ነው። ሲመሽ ተመልሰው ይሰበሰባሉ።

ምግብ በተረፈበት አካባቢ የአንድ ቡድን ግዛት 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ሩቅ የሚሄድ እንስሳ አይደለም። ግን የእብድ ውሻ ቫይረስ በለሐጭ ነው የሚተላለፈው። አንዱ ከታመመ ያ ሁሉ የጠዋት መላላስና መተሻሸት፣ ያ ሁሉ አብሮ ማደር ቫይረሱን ቡድኑ ውስጥ ያስገባዋል። በዚያ ላይ ያበደ ቀበሮ ድንበር አያውቅም። ጎረቤት ግዛት ውስጥ ዘው ብሎ ይገባል፣ ያገኘውን ይነክሳል።

ጤነኛውም ቢሆን ከቡድኑ የሚወጣበት ምክንያት አለው። ወንዶቹ ብዙውን ጊዜ ከተወለዱበት ቡድን አይለዩም። ሴቶቹ ናቸው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወጥተው ቦታ የሚፈልጉት። በድሪያ ወቅት ደግሞ ሴቷ በአብዛኛው የምትገናኘው ከጎረቤት ቡድን ወንዶች ጋር ነው። እርስዎ የሚሉት እንቅስቃሴ እንግዲህ ይሄ ነው። ያለሱ ዝርያው ከቅርብ ዘመድ ጋር ብቻ እየተዳቀለ ይደክማል። ከሱ ጋር ደግሞ አልፎ አልፎ በሽታ ይገባል።

ታዲያ በሽታውን መጀመሪያ ማን አመጣው? ቀበሮው አይደለም። ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ እጅግ ትንሽ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው ያለው። እንዲህ ጥቂት የሆነ እንስሳ የእብድ ውሻ ቫይረስን በራሱ ለዓመታት ይዞ ማቆየት አይችልም። የታመሙት ይሞታሉ፣ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። ከዓመታት በኋላ እንደገና የሚነሳው ከውሻ ስለሚመጣ ነው።

ውሻው እንዴት እዚያ እንደሚደርስ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጎዳንቱ ነው። ከብቱ ወቅቱን ጠብቆ ወደ ደጋው ግጦሽ ሲነዳ፣ ወደ ሆራም፣ ማለትም ወደ ጨዋማው ምንጭ፣ ሲወርድ፣ ውሻ አብሮ ይሄዳል። ከብቱን ከጅብና ከነብር እንዲጠብቅ ነው የሚወሰደው። ግን ስንቱ ውሻ ነው እዚያ በደንብ የሚበላው? ብዙው የራሱን ምግብ ፍለጋ ሜዳው ላይ ይዞራል። አይጥ ያሳድዳል፣ የሞተ ከብት ሥጋ ይሻማል። ቀበሮው ያለውም እዚያው ሜዳ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ውሻ በታመመ ውሻ ከተነከሰ በኋላ በሽታው የሚወጣበት ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ከብት ይጠብቃል። ቫይረሱ ለሐጩ ውስጥ የሚገባው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። እንግዲህ አስቡት። ከታች ቆላው ላይ የተነከሰ ውሻ ጤነኛ መስሎ ከከብቱ ጋር ሽቅብ ይወጣል። ባለቤቱም ምንም አያይበትም። ቀበሮዎቹ ያሉበት ሳኔቲ ወይም ዌብ ሸለቆ ከደረሰ በኋላ ያብዳል። በሽታው እንዲህ ያለ ርቀት በሰው መንገድ ተጓዘ ማለት ነው። ቀበሮ በገዛ እግሩ በአንድ ወቅት ያን ያህል አይሄድም።

ሌላው በሽታ ካናይን ዲስቴምፐር የሚባለው ነው። ይሄኛው ንክሻ አይፈልግም። በትንፋሽ፣ በንፍጥና በቅርብ ንክኪ ይተላለፋል፣ ፈጣንም ነው። ምንጩ ግን ያው ውሻ ነው። ባሌ ላይ በ2005 እና 2006፣ ከዚያም በ2010፣ እንደገና ደግሞ በ2015 ገብቷል። የመጨረሻው የባሰ ያደረገው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2014፣ የእብድ ውሻ በሽታ መጥቶ ስለነበር ነው። ቀበሮዎቹ ከአንዱ ሳያገግሙ ሌላው ደረሰባቸው።

አሁን ወደ መተላለፊያው እንምጣ። የባሌ ቀበሮዎች በዋናነት ሦስት ቦታ ተከማችተዋል፦ ዌብ ሸለቆ፣ ሞረባዋና ሳኔቲ። ሦስቱን የሚያገናኟቸው ቀጫጭን መሬቶች ናቸው። በ2003 ዌብ ሸለቆ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሳ። በዚያ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። ያኔ ምርጫው ከባድ ነበር። ለዓለም ብርቅ የሆነን እንስሳ እየያዙ መርፌ መውጋት ራሱ ያስፈራል። በወጥመዱ ቢጎዳስ? ክትባቱ ባይይዝስ? ሆኖም የኢትዮጵያ መንግሥትና የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙ ተስማምተው ተሠራ።

ጥያቄው የት ይከተብ የሚል ነበር። ሁሉንም መከተብ አይቻልም። ዌብ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ወይ ሞተዋል ወይ ተይዘዋል። ስለዚህ የክትባት ሠራተኞቹ ቡድን ከዌብ ወደ ሌሎቹ በሚያሳልፉት ቀጫጭን መሬቶች ላይና አጠገባቸው ያሉትን ቀበሮዎች መከተብ ጀመረ። ሰደድ እሳት ሲነሳ ከፊቱ ያለውን ሣር አጭዶ ማጽዳት ማለት ነው። እግር እንዳይጎዳ ላስቲክ በለበሰ ወጥመድ ያዟቸው፣ ከተቡ፣ ጆሯቸው ላይ ምልክት አድርገው ለቀቁ። በሽታው ሳኔቲ ሳይደርስ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው የሒሳብ ሞዴል በ2006 ሲታተም ብዙዎቻችንን አስገርሞናል። በመደበኛው አሠራር የእብድ ውሻ በሽታን ውሾች ላይ ለማቆም 70 በመቶውን መከተብ ያስፈልጋል። ለቀይ ቀበሮ ግን ግቡ የተለየ ነው። በሽታውን ከነጭራሹ ማጥፋት ባይቻልም፣ ዝርያውን የሚጨርሰውን ትልቁን ወረርሽኝ መከልከል ይበቃል። ለዚህ ደግሞ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ቀበሮዎች መከተብ ሊበቃ ይችላል። መተላለፊያው ላይ ካነጣጠሩ ደግሞ ጥቂት ክትባት ብዙ ሥራ ይሠራል። ይሄን ያወቅነው ቀበሮው በየት እንደሚሄድ ስለምናውቅ ነው። ከአደን በፊት የሚዞረውን ድንበር፣ ሴቷ የምትወጣበትን ጊዜ፣ ቡድኖቹ የሚገናኙበትን ቦታ ለዓመታት በእግርና በፈረስ ተከትለው የመዘገቡ የአካባቢው ልጆች ናቸው። የነሱ ማስታወሻ ባይኖር ሞዴሉ ባዶ ይሆን ነበር። ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

አሁን ደግሞ ቀበሮን መያዝ ሳያስፈልግ በአፍ የሚሰጥ ክትባት አለ። የፍየል ሥጋ ውስጥ የክትባት ከረጢት ይደረጋል። ሠራተኞቹ ማታ በፈረስ ሆነው የቡድኑ ማደሪያ አካባቢ ያስቀምጡታል። ቀበሮው ሲነክሰው ከረጢቱ ይፈነዳና መድኃኒቱ አፉን ያርሰዋል። ለዓመታት ከተሞከረ በኋላ በ2018 ባሌ ላይ ዘመቻው ተጀመረ።

እንግዲህ አጥሩ። መጀመሪያ ነገር ውሻውን አያቆመውም። ውሻው የሚመጣው ከሰው ጋር ነው፣ በር ከተከፈተለት ይገባል። የሚቀረው ቀበሮውን መዝጋት ነው። ያ ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው። የተዘጋ ትንሽ ቡድን ሲታመም ከውጭ የሚተካው አያገኝም። ዌብ ሸለቆ ከዚያ ሁሉ እልቂት በኋላ እንደገና ቀበሮ የሞላው የተረፉት ስለተዋለዱና ከጎረቤት የመጡም ስለነበሩ ነው። ሌሎቹን ትንንሽ ቦታዎች ያስቧቸው፦ አርሲ፣ ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ጓሳ፣ ወሎ። እነዚህ በእርሻና በሰፈር ተከበው ቀድሞውኑ ተነጥለዋል። ጎጃም ጮቄ ላይ የነበሩት ጠፍተዋል። አጥር ማለት ባሌንም ወደዚያ ሁኔታ በገዛ እጅ መግፋት ነው።

ቦትስዋና ይሄን በደንብ አይታዋለች። የዱር ጎሽ የአፍተግርን ቫይረስ ሳይታመም ተሸክሞ ይኖራል። ሥጋዋን ወደ አውሮፓ ለመሸጥ የምትፈልገው አገር ከብቷን ከጎሽ ለመለየት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ረጃጅም አጥሮችን ሠራች። ለከብት ንግዱ ጠቅሟል፣ እሱን አልክድም። ግን በ1980ዎቹ ድርቅ ውኃ ፍለጋ የሄዱ ዊልድቢስት የተባሉ በመንጋ የሚጓዙ የዱር እንስሳት አጥሩ ጋ ደርሰው በአሥር ሺዎች አለቁ። እዚያው አገር ከኦካቫንጎ ረግረግ ወደ ማካዲካዲ የጨው ሜዳ የሚሄዱ የሜዳ አህዮች መንገድም በ1968 ተዘግቶ ነበር። አጥሩ በ2004 ሲነሳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አህዮቹ ያንኑ ጉዞ ጀመሩ። ያን መንገድ ከዚያ በፊት የሄደ አንድም አህያ በሕይወት ሊኖር አይችልም።

ደግሞም መንቀሳቀስ በሽታን የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ይሄ ብዙ ሰው አይሰማውም። እንስሳ አንድ ቦታ ሲቆይ ኩሱና ጥገኛ ተውሳኩ ይከማችበታል። ሲሄድ ያንን ጥሎ ይሄዳል። የታመሙትም ረጅሙን ጉዞ አይችሉትምና መንገድ ላይ ይቀራሉ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሞናርክ የምትባለው ቢራቢሮ ላይ በግልጽ ታይቷል። ረጅም የሚሰደዱት ላይ ያለው ተውሳክ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ከሚኖሩት በጣም ያነሰ ነው።

በቅርብ የሆነ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግርና ረጅም አንገት ወፎች ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ተነስተው በእስራኤል በኩል ያልፋሉ። ከፊሎቹ የአገራቸውን የብርድ ወቅት ለማሳለፍ እኛ ጋ ይመጣሉ፣ ጣና ዙሪያም ይታያሉ። ሰሜን እስራኤል ሁላ ሸለቆ ላይ ግን ወፎቹ የገበሬውን ማሳ እንዳያጠፉ ተብሎ በቆሎ ይበተንላቸው ጀመር። ምግቡ ስላለ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት እዚያው መክረም ለመዱ። በታኅሣሥ 2021 የወፍ ጉንፋን ገባ። አንድ ሐይቅ ላይ ተጠጋግተው የሚያድሩ ወፎች ናቸውና ከ5 ሺህ በላይ ክሬኖች በሳምንታት ውስጥ ሞቱ። ቫይረሱ ከሩቅ የመጣው በበራሪ ወፍ ሳይሆን አይቀርም። ያን ያህል እልቂት ያደረሰው ግን አንድ ቦታ መከማቸቱ ነው። አመጋገቡን ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፣ የገበሬውን ሰብል ሊያድኑ ነበር። ቢሆንም ወፎቹን ያቆመው በቆሎው ነው።

«ታዲያ ውሾቹን ብንገድል?» የሚልም አለ። ውሻ በመርዝ መፍጀት አገራችን ውስጥ ለዘመናት ተሠርቷል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን አልጠፋም። የተከተበው ካልተከተበው ጋር አብሮ ይሞታል፣ ባዶ በቀረው ሰፈር ደግሞ ከሌላ ቦታ ያልተከተበ ውሻ ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ ከ1998 ጀምሮ በተደረገ ትልቅ ሙከራ፣ ባጀር የተባሉ ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳት የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋሉ ተብለው ከ10 ሺህ በላይ ተገደሉ። የተገደሉበት አካባቢ ውስጥ በሽታው ቀነሰ። ዙሪያው ያሉ እርሻዎች ላይ ግን ጨመረ። የተረፉት ባጀሮች ግዛታቸው ስለፈረሰ ከወትሮው በላይ መዞር ጀምረው ነበር። የእንስሳ ማኅበር ሲናጋ እንቅስቃሴው ይለወጣል፣ ያልነበረ መገናኘትም ይፈጠራል።

ከሁሉ በላይ ሩቅ የሚያደርሰው የሰው ጭነት ነው። የከብት ደስታ በሽታ ምጽዋ የገባው በ1887 በመርከብ ከመጣ ከብት ጋር ነው። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉትን ረሃብ አስከተለ፣ ከብታችን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አለቀ። ከአሥር ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። መንገድ ላይ ጎሹን፣ አጋዘኑንና ዊልድቢስቱን ጨረገደው። ብዙ ሰው ያኔ የዱር እንስሳው ነው የሚያመጣብን ይል ነበር። ታንዛኒያ ውስጥ ሴሬንጌቲ ዙሪያ ያለው ከብት ሲከተብ ግን ከዱር እንስሳውም በሽታው ጠፋ። ዊልድቢስቱም ከሩብ ሚሊዮን ወደ አንድ ሚሊዮን ከ300 ሺህ ገደማ አደገ። በሽታው በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለዚህ አንድም አጋዘን መከተብ አላስፈለገም።

ስለዚህ ባሌ ላይ ዋናው ሥራ ውሻው ላይ ነው። ውሻዎን በየዓመቱ ያስከትቡ። ለጎዳንቱ ሲወጡ ያለ ውሻ መሄድ ከቻሉ ቤት ይተዉት። ካልሆነላችሁ የተከተበውን ብቻ ይውሰዱ፣ ከመውጣታችሁ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ይከተብ። ክትባቱ ጉልበት ለማግኘት ሳምንታት ይፈልጋል። እዚያም በደንብ ያብሉት፣ ሌሊት እሰሩት። የሞተ ከብት ካለ ውሻና ቀበሮ እንዳይገናኙበት ቅበሩት።

የሞተ ቀበሮ፣ ወይም ሰው የማይፈራ፣ የሚንገዳገድና የሚያዛጋ ቀበሮ ካዩ አይንኩት። ቦታውን ልብ ይበሉና በዚያው ቀን ዲንሾ ላለው የፓርክ ጽሕፈት ቤት ወይም ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይንገሩ። ከጭንቅላቱ ናሙና ወስደን የትኛው በሽታ እንደሆነ የምናውቀው ሬሳው ሳይበላሽ ከደረሰን ብቻ ነው። ክትባቱ የት መተላለፊያ ላይ ይጀመር የሚለውም የሚወሰነው በዚያ ነው።

ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ ቀጥታም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክቱ እስኪታይ አትጠብቁ፣ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። የነከሰው ቡችላ ቢሆንም፣ ጤነኛ ቢመስልም ያው ነው።